በጠባብ ግቢ የአጥር ቋሚ ለመትከል የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠፍፍ በአዲስ አበባ ሰፈሮች በየግቢው የዲጅኖ ድምፅ መሰማት ይጀምራል። ዝናቡ ያጋደለውን አጥር ለማቅናት፣ ምስጥ የበላውን ቋሚ ለመለወጥ፣ ወይም ከጐረቤት ጋር ተስማምቶ ወሰን ለመለየት ሲል ባለቤቱ የባሕር ዛፉን እንጨት አስጭኖ ያመጣና ቈፋሪ ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም አይተነዋል። ቈፋሪው በዲጅኖ ይወጋል፤ የፈረሰውን አፈር በጣሳ ይዝቃል፤ ጕድጓዱ በጠለቀ ቍጥር ክንዱ አልደርስ ስለሚለው አፉን ያሰፋዋል፤ በመጨረሻም ውፍረቱ ከክንድ ለማይበልጥ እንጨት ጥጃ የሚያስተኛ ጕድጓድ ተከፍቶ ይገኛል።

ዛሬ በሞተር የሚሠሩ የአፈር መሰርሰሪያዎች በገበያ ላይ ስለሚገኙ፣ ወጣቱ ሠራተኛ ደመወዙን እያሰበ «ከነዚህ አንዱን ልግዛ ወይስ ልከራይ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚገባ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሻጮች በሚያሳዩት ሥዕልና ፊልም ላይ መሣሪያው የሚሠራው በሰፊ ሜዳ፣ ድንጋይ በሌለበት ለስላሳ መሬት ላይ ነው። የእኛ ግቢ ሜዳ አይደለም። በአንድ ወገን የጐረቤት ግድግዳ፣ በሌላ ወገን ኩሽና፣ በመካከሉ የውሃ በርሜልና የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ከበታችም የት እንደ ተቀበረ የማይታወቅ ቧንቧ አለ። እንዲህ ላለው ግቢ መሣሪያ ሲመረጥ «ቶሎ የሚቈፍረው የትኛው ነው?» ከማለት ይልቅ «ትንሽ አፈር ብቻ አውጥቶ የሚበቃውን ጕድጓድ የሚሠራልኝ የትኛው ነው?» ማለት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ በሒሳብ ሲታይ ግልጽ ነው። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቋሚ ለመትከል አፉ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጕድጓድ ይበቃል፤ በዙሪያው የሚቀረው 5 ሳንቲ ሜትር አፈሩንና ጠጠሩን መልሶ ለመጠቅጠቅ ነው። የእንጨቱ ርዝመት 2 ሜትር ተኩል ቢሆንና 70 ሳንቲ ሜትሩ መሬት ቢገባ፣ ከመሬት በላይ 1 ሜትር ከ80 ይቀራል፤ ይህም ለተራ የግቢ አጥር የሚስማማ ነው። ከዚህ ጕድጓድ የሚወጣው አፈር 22 ሊትር፣ ማለት አንድ ጀሪካን ያህል ነው። በዶማና በአካፋ የሚቈፈረው፣ ወርዱም ጐኑም 50 ሳንቲ ሜትር የሆነው ጕድጓድ ግን በዚያው ጥልቀት 175 ሊትር አፈር ያስወጣል። 12 ቋሚ ላለው አጥር ሲሰላ የፊተኛው 264 ሊትር፣ የኋለኛው 2,100 ሊትር ይሆናል። የተቈፈረ አፈር ደግሞ ስለሚላላ፣ ክምሩ ከወጣበት ጕድጓድ በሩብ ያህል ይበልጣል። ሁለት ቤተሰብ በሚተላለፍበት ግቢ ይህን ሁሉ አፈር የት እናኖረዋለን? ብዙውን ጊዜ የሚደፋው በቦዩ ላይ ነው፤ ቦዩም በሚመጣው ዝናብ ውሃውን ወደ ሰው ቤት ይመልሰዋል።

ከዚህ የሚከፋው ቋሚው ራሱ የሚደርስበት ነው። ቋሚን አጥብቆ የሚይዘው ያልተነካው አፈር ነው እንጂ ትናንት ወጥቶ ዛሬ የተመለሰው አይደለም። የተመለሰው አፈር የቱንም ያህል ቢረገጥ ለዘመናት የተኛውን አያህልም፤ ክረምት ሲሆን ውሃ በቀላሉ ይሰርገዋል። በዚህ ላይ አጥሩ ቈርቈሮ ከሆነ ነፋስ ስለማያሳልፍ፣ ነፋሱ በገፋው ቍጥር ቋሚው ከሥሩ ይወዛወዛል። ያጋደለው አጥር በጐረቤት ኩሽና ላይ ካረፈ ደግሞ ነገሩ ከእንጨት ዋጋ አልፎ ሽማግሌ እስከ ማስቀመጥ ይደርሳል።

መሣሪያውን የሚመርጠው ግን ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ አፈሩም ይመርጣል። በእንጦጦ ግርጌና በጉለሌ በኩል ያለው ቀይ አፈር እርጥበት ሲኖረው በቀላሉ ይቈረጣል፤ ሆኖም በመካከሉ ድንጋይ አይታጣም። ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ በሚወርደው ሜዳ ገበሬው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ይበዛል። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኰማተራል። በበጋ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚወርድ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት አብጦ ስንጥቁን መልሶ ይዘጋዋል። ጥልቀት የሌለው ቋሚ በዚህ እንቅስቃሴ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ በጥቁር አፈር ላይ ጕድጓዱን ከተለመደው ጠለቅ ማድረግ፣ ከሁሉም ይልቅ አፉን ከወለሉ አለማስፋት ያስፈልጋል። አፉ ሰፍቶ፣ ኮንክሪቱ እንደ እንጉዳይ ራስ ሆኖ ከተሞላ፣ የሚያብጠው አፈር ከበታቹ ይዞ ያነሣዋል። ይህ ቅርጽ ደግሞ በዶማ የሚቈፍር ሰው ሳይወድ በግድ የሚሠራው ቅርጽ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት መሬት ከተማው ራሱ የሠራው ነው። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው ሲሠራባትና ሲያፈርስባት በኖረች ከተማ ውስጥ፣ ከላይ አፈር የሚመስለው ከአንድ ክንድ በታች ገረጋንቲ፣ የጡብ ስባሪ፣ የዝገተ ቈርቈሮና የጠርሙስ ቍራጭ ሆኖ ይገኛል። በእንዲህ ያለው ቦታ የእጅ ጓንት ቅንጦት አይደለም። ማንም ሰው ገንዘቡን ለመሣሪያ ከማውጣቱ በፊት በተዋሰው ዲጅኖ አንድ የሙከራ ጕድጓድ ቈፍሮ ይመልከት፤ ከሱቅ ሻጩ ምክር ይልቅ ያ ጕድጓድ ይበልጥ ይነግረዋል።

ጊዜውም ዋጋ አለው። ጥቁሩ አፈር በሐምሌ በመሣሪያው ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ በሚያዝያ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ጥቅምትና ኅዳር፣ ውሃው ወርዶ እርጥበቱ ገና ሳይጠፋ፣ ለቈፋሪ የተሰጡ ወራት ናቸው ማለት ይቻላል። በበጋ መቈፈር ግድ ከሆነ ደግሞ ማታ የጕድጓዱን አፍ ከፍቶ አንድ ባልዲ ውሃ ጨምሮ ማሳደር ብዙ ድካም ያስቀራል።

ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። በመጀመሪያ ዲጅኖን አንናቀው። ድንጋይ ባለበት መሬት እርሱን የሚተካ የእጅ መሣሪያ የለም። የሚሠራው በክብደቱ ነው፤ ሰውየው አንሥቶ ይለቀዋል እንጂ አይገፋውም። በሐረርጌ ገበሬ እጅ የሚታየው፣ ድንጋይ የተሰካበት ዶንጎራ የተሠራው በዚሁ ብልኀት ነው፤ ክብደቱ በበዛ ቍጥር ክንድ ያርፋል። ለግቢ ሥራ ርዝመቱ ከ1 ሜትር ተኩል የማያንስ፣ አንደኛው ጫፉ ሹል፣ ሁለተኛው ጠፍጣፋ የሆነ ይመረጥ፤ ጠፍጣፋው ሥር ለመቍረጥ ይጠቅማል። የዲጅኖ ጕድለቱ አንድ ነው፤ አፈሩን ያፈርሳል እንጂ አያወጣም። ጕድጓዱ የሚሰፋውም በዲጅኖው ጥፋት ሳይሆን በጣሳው ጥፋት ነው።

ጣሳውን የሚተካ መሣሪያ በሌላ አገር ከተሠራ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለት ጠባብና ጐባጣ አካፋዎች ፊት ለፊት ተጋጥመው በአንድ ብሎን ይታሰራሉ፤ እያንዳንዳቸው ረዥም እጀታ አላቸው። ሲወረውሩት ሁለቱ አካፋዎች ጐን ለጐን መሬት ይገባሉ፤ እጀታዎቹን ሲለያዩአቸው ከታች እንደ ጉጠት ይገጥሙና አፈሩን ነክሰው ያወጡታል። እኔ ጉጠት አካፋ ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው ይስጠው። ይህን የመሰሉ መሣሪያዎች በአሜሪካ የበዙበት ምክንያት የሚያስደንቅ ነው። በ1874 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጆሴፍ ግሊደን የተባለ የኢሊኖይ ገበሬ የእሾህ ሽቦ ፓተንት ካወጣ በኋላ፣ ያ ሰፊ ሜዳ በሽቦ ታጠረ፤ ሽቦውም ቋሚ ፈለገ፤ ቋሚውም ጕድጓድ ፈለገ። አንድ ሽቦ ስንቱን ሰው ቈፋሪ እንዳደረገ አስቡት።

ጉጠት አካፋ ለጠባብ ግቢ የተፈጠረ ይመስላል። ቈፋሪው ቆሞ ይሠራል፤ ወገቡ አይጐብጥም፤ ጕድጓዱም ከአካፋዎቹ ስፋት ብዙ አይበልጥም። ሁለት ነገሮች ግን ይታወቁ። አንደኛ፣ ጕድጓዱ ከ70 ወይም ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ እጀታዎቹ በሚከፈቱበት ጊዜ የጕድጓዱን አፍ ስለሚገፉ ያሰፉታል። ሁለተኛ፣ ደረቅና ጠንካራ አፈር በራሱ አይነክስም፤ ዲጅኖው ቀድሞ ማፍረስ አለበት። ስለዚህ ሁለቱ ተጋግዘው የሚሠሩ ናቸው።

ሌላው በእጅ የሚዞረው መሰርሰሪያ ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ ሆኖ ከላይ አግድም እጀታ፣ ከታች ሁለት የተጠማዘዙ ስለቶች አሉት። እየተጫኑ ሲያዞሩት አፈሩን እየቈረጠ በመካከሉ ይሰበስባል፤ ሲሞላ አውጥቶ ማራገፍ ነው። እርጥበት ባለውና ድንጋይ በሌለው አፈር ላይ እንደርሱ ያለ ንጹሕ ጕድጓድ የሚያወጣ የለም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ስፋት ነው። ለጥቁር አፈር፣ በጥቅምት፣ ምርጫዬ ይኸው ነው። እንደ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ሲያገኝ ግን ይቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበውን የግድግዳ ነገር ላንሣ። መሰርሰሪያ ዙሪያውን ይዞራል። ከመካከሉ እስከ እጀታው ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጕድጓዱ ከግድግዳው ቢያንስ 35 ሳንቲ ሜትር ካልራቀ የቈፋሪው ጣት ድንጋይ ይፍቃል። ጉጠት አካፋ ግን አይዞርም፤ የሚከፈተውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። እጀታዎቹ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆነው እንዲከፈቱ ቢያዞሩት፣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ርቆ እንኳ መቈፈር ይቻላል። አጥሩ ከግድግዳ ጋር የሚገጥምበትን የመጨረሻውን ቋሚ ለመትከል ከዚህ ሌላ ምቹ መንገድ አላገኘሁም።

ሁለቱም መሣሪያዎች በሱቅ ቢጠፉ ተስፋ አይቈረጥም። ሥዕላቸውን በልክ ነድፎ ወደ ብየዳ ቤት መሄድ ነው። ስለቱ ከተራ ላሜራ ከተሠራ በመጀመሪያው ጠጠር ይታጠፋል፤ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቢቈረጥ ግን ስለቱን ይይዛል። ሠራተኛው የአካፋዎቹን ብሎን አጥብቆ እንዳይበይደው መንገር ነው እንጂ ሌላው ከዕለት ሥራው የሚከብደው አይደለም።

ባለሞተሩን መሰርሰሪያ በሚመለከት ሦስት ነገር ማወቅ ይገባል። በአንድ ሰው የሚያዘው ዓይነት ከነመሰርሰሪያው 10 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ በቤንዚን ይሠራል፤ ለስላሳ መሬት ላይ በእርግጥም ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያ፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈለት ጕልበት የባሕር ጠረፍ ጕልበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየር ያነሰው ሞተር ቤንዚኑን በሚገባ አያቃጥልም፤ ከጕልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለለትም ይጨሳል። በባትሪ የሚሠራው ግን ኤሌክትሪክ አየር ስለማይሻ ከፍታው አይቀንስበትም፤ አይጨስም፤ አይጮኽም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪውን በዋዜማው መሙላት ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ለጠባብ ግቢ በባትሪ የሚሠራውን እመርጣለሁ። የቤንዚኑ ጭስ በአራት ግድግዳ መካከል የሚሄድበት የለውም፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው የሚገድልበት ያው ሽታ የሌለው ጋዝ ከርሱም ይወጣል።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ተማሪዎች ከኒውተን ሦስተኛ ሕግ እንደምታውቁት፣ ሞተሩ መሰርሰሪያውን ወደ አንድ ወገን በሚያዞርበት ኀይል ልክ የያዘውን ሰው ወደ ሌላው ወገን ያዞረዋል። አፈሩ ለስላሳ በሆነ ጊዜ ይህ አይታወቅም። ስለቱ ድንጋይ ወይም የባሕር ዛፍ ሥር በያዘ ጊዜ ግን መሰርሰሪያው ይቆምና ሰውየው ይዞራል። በሜዳ ቢሆን ይወድቃል፤ በጠባብ ግቢ ግን እጀታው እጁን ከግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ የእጅ አንጓ የሚሰበረው፣ ጣት የሚቀጠቀጠው በዚህ ነው። የመሰርሰሪያው ስፋት በጨመረ ቍጥር ምቱም ይበረታል፤ ስለዚህ ለሥራው የሚበቃው ትንሹ መሰርሰሪያ ይመረጥ፤ በ15 ሳንቲ ሜትር ጀምሮ ቀሪውን በዲጅኖ ማስፋት ይቻላል። በአንድ ጊዜም ከአንድ ስንዝር በላይ አይውረድ፤ በየመካከሉ እየወጣ ይራገፍ። አለዚያ እንደ ብሎን ራሱን ይቀብርና ሞተሩ ጠፍቶ ወደ ኋላ በእጅ ካልተዞረ አይወጣም።

ሦስተኛው ልብስ ነው። የሚዞር ብረት ባለበት ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻሽ አይጠጋ። ቅዳሜ ከቢሮ ቀጥታ መጥቶ መሣሪያውን ለመሞከር የሚቸኩል ወንድማችንም ክራቫቱን ይፍታ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሞተሩን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ገዢው ስላልሆነ ነው። የሚይዘው የቀን ሠራተኛው ነው። ከዚያ ቀን በፊት ነክቶት የማያውቀውን መሣሪያ «ጐበዝ ነህ፣ ትችለዋለህ» ብሎ ማስያዝ ሰውየውን በእንጀራው ላይ ማስወራረድ ነው፤ አንጓው የተሰበረ ቈፋሪ ለሁለት ወር ምን ይበላል? ጫማና ጓንት፣ እንዲሁም ስለ አያያዙ በቂ ማስረዳት ከአሠሪው ይጠበቃል። ክፍያውም በጕድጓድ ቍጥር ከሆነ ጕድጓዱ እያጠረ መሄዱ የታወቀ ነው፤ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት የተደረገበት በትር ለሠራተኛው አስቀድሞ መስጠት ከኋላ ክርክር ያድናል።

ለሁለት ሰው የተሠራው ትልቁ መሰርሰሪያ ሁለተኛው ሰው የሚቆምበት ቦታ ስለሚያጣ ለእኛ አይሆንም። ሞተሩ በጐማ ላይ ለብቻው ተቀምጦ፣ የመልሱን ምት በረዥም ብረት ተቀብሎ ወደ ራሱ የሚወስድ ዓይነትም አለ፤ የሰውን ክንድ ከአደጋ የሚያድን ብልኀት ነው፤ ግን ውድ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሜትር ባዶ ቦታም ይፈልጋል። ከዚህ በላይ የሚመጡት ትናንሾቹ ማሽኖች ናቸው። ከአውስትራሊያ የመነጨው ዲንጎ የሚባለው ትንሽ ሎደር አለ፤ ሰው ከኋላው ቆሞ የሚነዳው ሲሆን ከፊቱ መሰርሰሪያ ይገጠምለታል። አንድ ቶን ያህል የሚመዝኑ፣ ሰንሰለታቸውን እስከ 70 ሳንቲ ሜትር አጥብበው በእግረኛ በር የሚያልፉ ኤክስካቫተሮችም አሉ። እነዚህን ለመከራየት የሚያስብ ሰው በሩን ብቻ ሳይሆን ከበሩ በኋላ ያለውን መታጠፊያ ይለካ፤ ቀና ብሎም ክፈፉንና የመብራቱን ሽቦ ይመልከት። ከሁሉ በፊት ግን ማሽኑ የሚያልፍበት መሬት ከበታቹ የሽንት ቤት ጕድጓድ እንደሌለ ያረጋግጥ፤ ለሰው እርምጃ የተሠራ ክዳን አንድ ቶን አይችልም። ለ12 ወይም ለ20 ጕድጓድ ማሽን ማስገባት በእኔ አስተያየት ለአንድ ስኒ ቡና ጋን ውሃ እንደ ማፍላት ነው።

የተቀበረውን ነገር መጠየቅም አይረሳ። በአሜሪካ ከ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መሬት የሚቈፍር ሰው 811 ደውሎ የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመሮች ምልክት እንዲደረግለት ያደርጋል። በእኛ ሰፈር ብዙ ጊዜ ይህን የሚያውቁት በግቢው ረዥም ዘመን የኖሩት እናቶችና አባቶች ናቸው፤ ቧንቧው በየት በኩል እንደ ገባ፣ የዱሮው ጕድጓድ የት እንደ ተደፈነ ያስታውሳሉ። ከውሃ ቈጣሪው እስከ ቧንቧው አፍ በሚያስኬደው መስመር አጠገብ የመጀመሪያው 40 ሳንቲ ሜትር በአካፋ ቀስ ተብሎ ይቈፈር እንጂ ዲጅኖም ሞተርም አይግባበት። የፕላስቲክ ቧንቧ ከዲጅኖ ጫፍ ጋር አይሟገትም፤ ውሃ የሚቋረጠውም በአንድ ቤት ብቻ ላይሆን ይችላል።

ገንዘቡን በሚመለከት አንድ ሐሳብ አለኝ። አንድ ሰው በዓመት ምናልባት አንድ ጊዜ ለሚነካው መሣሪያ ለብቻው ገንዘቡን ለምን ይቀብራል? ዕድሮቻችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በጋራ ገዝተው ያስቀምጣሉ። አንድ ደኅና ዲጅኖ፣ አንድ ጉጠት አካፋና አንድ የእጅ መሰርሰሪያ በዚያው ዕቃ ቤት ቢቀመጡ አባሎች በተራ ይገለገሉባቸዋል፤ ቤንዚን አይጠይቁ፣ መለዋወጫ አይጠይቁ፣ ስለታቸውን በሞረድ ማበጀት ብቻ ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ አራት ተከራዮች ቢያዋጡም ያው ነው።

ሥራው በአንድ ቀን ካላለቀ ጕድጓዶቹ ተከፍተው አይደሩ። ጠባቡ ጕድጓድ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ እንደ ሰፊው ከሩቅ አይታይም፤ አፉም የሕፃን እግር እስከ ጭኑ ድረስ ያስገባል። በእያንዳንዱ ላይ የሳንቃ ቍራጭ ይደረግና ድንጋይ ይጫንበት፤ በግቢው የሚኖሩትም ሁሉ ሳይመሽ ይነገራቸው።